ወዝ

ዝናብ አድራሻዋን ከጣለ ቆይቷል፤
አንቶፋጋስታ ላይ ፀሐይ ብቻ ይውላል።
ጠዋት ከባሕሩ ጨው ያዘለ ጉም፣
ቀትር ላይ በረሃው፤ አንዱም አይምርም።
የእኔ ጉርሻ ያለው ከሁለቱ ጥፋት፦
ከጎማ መሰንጠቅ፣ ከፕላስቲክ መንጣት።

«ቀለም ቀባው» ይላል ደንበኛ ሲመጣ።
ቀለም አይደለም ግን ከላዩ የወጣ፤
ወዝ ነው። ፀሐይ ምጎ፣ ምጎ የጨረሰው፣
እንደ ጾመኛ ከንፈር አመድ ያለበሰው።

ዶኛ ኤደልሚራ ሐሙስ ከሰዓት መጣች፤
የሟች ባሏን ፒክአፕ በሬ ላይ አቆመች።
ነጭ ቶዮታ ናት፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት
ወደ መዳብ ማውጫው ወጥታ የወረደች።
ፓራውልቷ ነጥቷል፣ ፓራፋንጎው ነጥቷል፣
ስፖኪዮው እንኳ የሽማግሌ ፂም መስሏል።

«ሰኞ ገዥ ይመጣል፣ ከኢኪኬ» አለችኝ፤
«ጥቁር አድርግልኝ» — ቁልፉን አቀበለችኝ።
እሷ እንኳ ከሏን አምና አውልቃለች፤
ሰማያዊ ሹራብ ለብሳ መጥታለች።
«ከል የመልበስ ተራው የመኪናዋ ነው» ብዬ
ልቀልድ አሰብኩና ተውኩት፣ ምላሴን ይዤ።

አጠብኳት። ቡሩሹ የጥርስ ነው፣ አሮጌ፤
ከየስንጥቁ ውስጥ ጨው ለቀምኩ ፈልጌ።
የድሮ አጣቢ የተወው ነጭ የሰም ቅሪት አለ፤
በኦቾሎኒ ቅቤ ሳሸው ቶሎ ኮበለለ።
«ዳቦውስ?» አለ ኢታሎ፣ ረዳቴ፤
አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው፣
ሁሉም ነገር ምሳ ይመስለዋል።

ከዚያ ሙቅ አየር የሚተፋውን ሽጉጥ ለኮስኩና
ጎኗን ይዤ ሄድኩ፣ በዝግታ፣ በጥሞና፤
በመዳፍ ርቀት፤ አትቆም፣ አትቸኩል፤
ከቆምክ ይቀልጣል፣ ከቸኮልክ አይበስል።
ያኔ ነው ጥቁሩ ከውስጥ የሚመጣ፣
ተደብቆ የቆየ ልጅ ስሙን ሲሰማ እንደወጣ።

ይህ ግን ብድር ነው፤ ከገዛ ሥጋው የተወሰደ።
ደጋግመህ ብታሞቀው ያልቃል።
ይህን ለደንበኛ አልነግርም።

የመስኮቱን ጎማ በግሊሰሪን ልቀባ
ጨርቄን አርሼ የሾፌሩን በር ስከፍት
አንድ ቦታ አየሁ፣ ስንዝር የማይሞላ፣
ያልነጣ፣ ያልተሰነጠቀ፣
ጥቁር፣ እንደ አዛፓ ወይራ።
ዙሪያው አመድ ሆኖ እሱ ብቻ ያበራል።

ክርን ነው።
አሥራ ዘጠኝ ዓመት መስኮቱን ከፍቶ ሲነዳ
ግራ ክንዱን የሚጥልባት፤
ፀሐይ የወሰደውን በየቀኑ የሚመልስ፣
ሳያውቅ፣ ከላቡ፣ ከቆዳው፣
ምናልባት እያፏጨ።
የእኔ ጠርሙስ ይህን አይሠራም።

ጠራኋት። አሳየኋት። «ይህቺን ልተዋት?» አልኳት፤
ጣቷን ዘረጋች፤ ሳትነካ መለሰቻት።
«እኩል አድርገው» አለች፤ «ገዥው የሚከፍለው
ለፒክአፕ ነው እንጂ ለሰጉንዶ ክርን ነው?»

እኩል አደረግሁት። ሁለት ጊዜ ቀባሁ፤
ሲደርቅ ቦታዋን እኔው ራሴ አጣሁ።

ሰኞ ገዥው መጣ፤ ዋልደማር ይባላል፤
ሊደራደር ሲሻ ሁሉን ያጣጥላል።
ጎማ በእግሩ መታ፣ ኮፈኑን ከፈተ፣
ሁለት መቶ ሺህ ፔሶ አስቀንሶ ሸመተ።
ፓራውልቱን ግን በመዳፉ ዳብሶ
«አዲስ ነው?» አለኝ። ዝም አልኩ።

ገባ። አስነሳ። መስኮቱን ዝቅ አደረገ፣
እና ግራ ክርኑን
እዚያው ላይ ጣለ።

ሥራዬ ቢበዛ ሁለት በጋ ይቆያል፤
ፓራውልቱ ይነጣል፣ ስፖኪዮው ይነጣል፤
አንዲት ቦታ ስትቀር፣ ስንዝር የማትሞላ፣
የሌላ ሰው ወዝ የሚጠጣት።

ፒክአፗ የቁልቁለቱን መታጠፊያ ስትይዝ
ዶኛ ኤደልሚራ ገንዘቡን ቆጥራ ጨርሳ ነበር፤
እንደገና
ከመጀመሪያው ቆጠረች።